እምነትና ምርምር በጥንታዊት እስክንድርያ

እግዚአብሔር ሰውን በፈጠረ ጊዜ ከእንስሳት ሁሉ ለይቶ ያከበረው በሚያስተውል ልቡና ነው። ይህን ልቡና የሰጠው አምላክ ደግሞ፥ ሰው በልቡናው መርምሮ ሊደርስበት የማይችለውን ምሥጢር በእምነት እንዲቀበል አዘዘው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ አንድ ጥያቄ በምእመናን መካከል ሲመላለስ ኖሯል፤ ይኸውም፥ የሚያምን ሰው ሊመረምር ይገባዋልን? የሚመረምርስ ሰው በእምነቱ ሊጸና ይችላልን? የሚል ነው። አንዳንዱ ሰው ምርምር እምነትን ያፈርሳል ብሎ ይፈራል፤ አንዳንዱም እምነት ምርምርን አስሮ ይይዛል ብሎ ይንቃል። ፈሪውም ናቂውም በየዘመኑ ነበሩ፤ ዛሬም በየከተማው አሉ።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የተፈተነባት ከተማ እስክንድርያ ናት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ጳጳሷን ከዚያች መንበር የተቀበለች ስለ ሆነ፥ የእስክንድርያ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን የባዕድ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ እምነትና ምርምር በዚያች ከተማ እንዴት እንደ ተገናኙ፥ መቼ እንደ ተስማሙና መቼ እንደ ተጣሉ መመልከት ለዛሬ ሰው ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስክንድርያን ታላቁ እስክንድር ከጌታ ልደት በፊት በ331 ዓመት ቆረቆራት። ከእርሱም በኋላ የነገሡት በጥሊሞሶች ታላቅ የመጻሕፍት ቤትና የሊቃውንት ማደሪያ ስለ ሠሩባት፥ የሂሳብ፥ የከዋክብት፥ የሕክምናና የፍልስፍና ሊቃውንት ከየአገሩ ተሰበሰቡባት። አይሁድም በብዛት ይኖሩባት ነበር፤ ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ የተመለሰው በዚህችው ከተማ ነው። ሰብዓ ሊቃናት መለሱት የሚባለው ይህ ትርጓሜ የግእዙ ብሉይ ኪዳን ምንጭ ነው። ጌታ በሥጋ በተመላለሰበትም ዘመን ፊሎን የሚባል የአይሁድ ሊቅ የሙሴን ሕግ ከአፍላጦን ፍልስፍና ጋራ እያነጻጸረ ይተረጕም ነበር። እንግዲህ ወንጌላዊው ማርቆስ ክርስትናን ወደ እስክንድርያ ባገባ ጊዜ፥ የዘራው ዘር የወደቀው ጥያቄ ባለማቋረጥ በሚጠየቅባትና ክርክር እንደ እህል በገበያ በሚሸመትባት ከተማ ላይ ነበር።

በዚህች ከተማ የነበሩ ክርስቲያኖች ንኡሰ ክርስቲያንን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አቆሙ። የዚህ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ በታሪክ ስሙ በግልጥ የሚጠራው የመጀመሪያው ሰው ጰንጠኖስ ነው። እርሱም አስቀድሞ ኢስጦኢኮች የሚባሉትን ፈላስፎች ትምህርት የተማረ ሰው ነበር፤ በ180 ዓመተ ምሕረት ገደማ ያስተምር እንደ ነበር፥ ወንጌልንም ለመስበክ እስከ ሕንድ እንደ ሄደ አውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይነግራል። ፈላስፋ የነበረው ሰው ትምህርቱን ሳይጥል፥ ግን ለክርስቶስ አስገዝቶት የወንጌል መምህር ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ክርስቲያኖችን የሚነቅፍ ኬልሶስ የሚባል ፈላስፋ ተነሣ። በ178 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ፥ ክርስቲያኖች ምክንያት ጠይቀው የማይመረምሩ፥ ሌላውንም ሰው ‹‹አትጠይቅ፤ እመን ብቻ›› የሚሉ ናቸው የሚል ነበር። የሚያስተምሩትም በየሸማኔውና በየጫማ ሰፊው ቤት፥ ሕፃናትንና ያልተማሩ ሰዎችን እየሰበሰቡ ነው፤ የተማረ ሰው በመጣ ጊዜ ግን ዝም ይላሉ ብሎ ተሳለቀባቸው። ይህ ክስ እጅግ የሚያቈስል ነበር፤ ምክንያቱም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረምና። ከምእመናን መካከል ጽርዓዊ ትምህርትን ሁሉ እንደ አጋንንት ሥራ የሚቈጥሩ ብዙዎች ነበሩ። በቅርጣግና ከተማ የነበረው ተርቱልያኖስም፥ እርሱ ራሱ የንግግር ጥበብ የተማረ ሰው ሲሆን፥ የአቴና ትምህርት ከኢየሩሳሌም ሃይማኖት ጋራ ምንም ኅብረት የለውም ብሎ ጽፏል።

ለዚህ ለሁለቱም ወገን መልስ የሰጠው የጰንጠኖስ ደቀ መዝሙር ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ነው። ቀሌምንጦስ በሦስት ታላላቅ መጻሕፍቱ አሕዛብን ወደ እምነት ይጠራል፥ ያመኑትን በመልካም ጠባይ ያሳድጋል፥ ያደጉትንም ወደ ጥልቅ ዕውቀት ይመራል። ፍልስፍናን ስለሚፈሩ ምእመናን ሲናገር፥ ሕፃናት ጭምብል ያደረገ ሰው ባዩ ጊዜ እንደሚሸሹ ሁሉ እነዚህም ያልቀረቡትንና ያላወቁትን ነገር ይፈራሉ ይላል። የኦሪት ሕግ ለዕብራውያን ሞግዚት ሆኖ ወደ ክርስቶስ እንዳደረሳቸው፥ ፍልስፍናም ለጽርዕ ሰዎች እንደዚሁ ያለ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ከእግዚአብሔር ተሰጥቷቸዋል ብሎ አስተማረ። እውነት አንዲት ናት፤ ነገር ግን ወደ ታላቅ ወንዝ ብዙ ጅረቶች ከየአቅጣጫው እንደሚገቡ ሁሉ ወደ እርሷ የሚያደርሱ ብዙ ናቸው ማለቱ ነው።

ይሁን እንጂ ቀሌምንጦስ ምርምርን ከእምነት በላይ አላስቀመጠም። በእርሱ ዘንድ እምነት የቤት መሠረት ናት፤ ዕውቀት በመሠረቱ ላይ የሚታነጽ ግንብ ነው። መሠረት ብቻ አኑሮ ግንቡን የተወ ሰው በዝናምና በፀሐይ መካከል ይቀመጣል፤ ያለ መሠረት ግንብ የሠራም ሰው ቤቱ ይወድቅበታል። ይህን የሚያስተምረው ቀሌምንጦስ በ202 ዓመተ ምሕረት ሴፕቲምዮስ ሴዌሮስ ባስነሣው ስደት ከእስክንድርያ ወጣ፤ በትምህርት ቤቱም ገና ጐልማሳ የሆነ ሌላ መምህር ተተካ። እርሱም ኦሪጌንስ ነው።

ኦሪጌንስ በ185 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተወለደ፥ በቤቱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትንና የጽርዕን ትምህርት አጣምሮ የተማረ ነው። በዚያው በ202 ዓመተ ምሕረት ስደት አባቱ ሊዮኒዳስ ስለ ክርስቶስ አንገቱን ተሰየፈ። ልጁም ከአባቱ ጋራ ለመሞት ቈርጦ ሊወጣ በተነሣ ጊዜ እናቱ ልብሱን ደብቃ አስቀረችው፤ እርሱ ግን ስለ ቤተ ሰቡ ብሎ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈለት። ከዚያ በኋላ የነበሩትን የጽርዕ መጻሕፍት ሸጦ፥ ከገዢው በየቀኑ 4 ኦቦል የሚባል ጥቂት ገንዘብ እየተቀበለ በጾምና በትጋት ይኖር ነበር። ኬልሶስ መጽሐፉን ከጻፈ ከ70 ዓመት በኋላ፥ በ248 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በ8 ክፍል የተጻፈ ታላቅ መልስ የሰጠው ይህ ሰው ነው።

የመልሱ ፍሬ ነገር አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነው። ኦሪጌንስ፥ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ፍልስፍና ለመማር ጊዜ ቢኖረው ኖሮ ከምርምር የተሻለ መንገድ ባልነበረ ይላል። ነገር ግን ገበሬው ዕርሻ፥ ነጋዴው ንግድ፥ እናትም ልጆች አሏት፤ ሕይወት አጭር ናት፤ ታዲያ እነዚህ ሁሉ እስኪመራመሩ ድረስ ከኃጢአት ሳይመለሱ ሊኖሩ ነውን? ስለዚህ ለብዙዎች ቀላሉ እምነት የምሕረት መንገድ ነው። ደግሞስ፥ ይላል፥ የሚመራመረው ፈላስፋ ራሱ ከፈላስፎች ወገን አንዱን መምህር የመረጠው የሁሉን ትምህርት መርምሮ ጨርሶ ነውን? ወይስ አስቀድሞ በአንዱ ታምኖ ነው? ባሕር የሚሻገር ሰው መርከቡ እንደሚደርስ፥ ዘር የሚዘራ ሰው ምድር እንደምታበቅል፥ ሚስት የሚያገባም ሰው ልጅ እንደሚወለድለት አምኖ ይጀምራል። እንግዲህ የሰው ኑሮ ሁሉ በእምነት የቆመ ከሆነ፥ ሁሉን በፈጠረው አምላክ ማመን እንዴት ሞኝነት ይባላል?

በዚህ መልስ ኦሪጌንስ ‹‹አትመርምር›› የሚል ቃል በቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነገር ዘጋ። ለሚችለው ምርምርን ፈቀደ፤ ለማይችለው እምነትን አላሳነሰበትም። ደቀ መዝሙሩ ጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራት በፍልስጥኤም ቂሣርያ ከእርሱ ጋራ 5 ዓመት ያህል ተቀምጦ ከተማረ በኋላ በምስጋና ቃሉ እንደ ነገረን፥ መምህሩ በመጀመሪያ የክርክርን ሥርዓት፥ ቀጥሎ የፍጥረትን ጠባይ፥ ምድርን የሚለካውን ሂሳብና የከዋክብትን ትምህርት፥ ከዚያም መልካም ጠባይን፥ በመጨረሻ መጻሕፍተ እግዚአብሔርን ያስተምር ነበር። ለዚሁ ለጎርጎርዮስ በጻፈለትም ደብዳቤ፥ እስራኤል ከግብፃውያን በወሰዱት ወርቅና ብር የምስክሩን ድንኳን ንዋያት እንደ ሠሩ፥ እርሱም የጽርዕን ጥበብ ለእግዚአብሔር ቤት ሥራ እንዲያውለው መከረው። ነገር ግን ከዚያው ከግብፅ ወርቅ የጥጃ ምስል የሠሩም እንዳሉ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህም ማስጠንቀቂያ በኦሪጌንስ በራሱ ላይ ደረሰ። ነፍሳት ከሥጋ አስቀድሞ ነበሩ፥ በመጨረሻም ሁሉ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል የሚሉትን የፈላስፎች አሳብ የሚመስሉ ትምህርቶች በመጻሕፍቱ ስለ ተገኙ፥ በ400 ዓመተ ምሕረት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ትምህርቱን አወገዘ። በዳክዮስ ዘመን በ250 ዓመተ ምሕረት ተይዞ ስለ ክርስቶስ ብዙ የተሠቃየ፥ ከሥቃዩም የተነሣ ብዙ ሳይቆይ ያረፈ ሰው ሲሆን፥ ትምህርቱ ከቅዱሳን አበው ትምህርት ጋራ ሳይቈጠር ቀረ። ሕይወቱ እምነት፥ ጉልበቱ ምርምር ነበር፤ ጉልበቱ ግን መጻሕፍት ዝም ካሉበት ስፍራ አልፎ ሄደ።

ከዚህ የባሰው ፈተና በ318 ዓመተ ምሕረት ገደማ መጣ። የእስክንድርያ ቄስ የነበረው አርዮስ፥ አብ ወልድን ከወለደው ለተወለደው መጀመሪያ አለው፤ መጀመሪያም ካለው ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። ነገሩ ለሰሚው የሂሳብ ያህል የቀና ይመስላል። አርዮስም ትምህርቱን በዜማ አድርጎ መርከበኞችና ወፍጮ ፈጪዎች እንዲዘፍኑት አደረገ። ስሕተቱ በመመራመሩ አልነበረም፤ የምርምሩ መለኪያ ግን የሥጋ ልደት ነበር። ሰው በጊዜ ውስጥ ስለሚወልድ፥ ጊዜን የፈጠረው አምላክም እንደዚሁ ይወልዳል ብሎ አሰበ። በአጭር መስፈሪያ ባሕርን ሊሰፍር የተነሣ ሰው መስፈሪያው ሲሞላ ባሕሩ ያለቀ መስሎት ቆመ ማለት ነው።

በ325 ዓመተ ምሕረት በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት የመለሱለት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው፥ ከሐዋርያት የተቀበሉትን እምነት አጸኑ። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነው፤ ይኸውም ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ መሆኑን ለመናገር በመጻሕፍት ያልተጻፈ፥ ሊቃውንት የሚጠቀሙበትን ‹ሆሞኡስዮስ› የሚል የጽርዕ ቃል መረጡ። አርዮሳውያን የመጻሕፍትን ቃል ሁሉ ወደ ራሳቸው አሳብ ያጣምሙት ስለ ነበረ፥ ሊያጣምሙት የማይችሉት ቃል አስፈለገ። አባቶች የእምነትን ምሥጢር ለመጠበቅ የምርምርን ቃል እንደ ዘበኛ በበሩ አቆሙ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዲያቆን የነበረው፥ በ328 ዓመተ ምሕረት ሊቀ ጳጳሳት የሆነው አትናቴዎስም ስለዚህ ቃል ሲከራከር፥ ቃሉ በፊደል ባይገኝ ትርጓሜው በመጻሕፍት ይገኛል ብሎ አስረዳ። ፀሐይ ያለ ብርሃኗ ኖራ እንደማታውቅ፥ ብርሃኗም ከእርሷ ሲወጣ ከእርሷ እንደማይለይና እንደማያንስ፥ አብም ያለ ወልድ የነበረበት ጊዜ የለም ብሎ ምርምርን በምርምር መለሰ። ስለዚህም ትምህርቱ 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ።

በዚያው በኒቅያ ስለ ሆነ አንድ ነገር ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ ይተርካል። አንድ ተከራካሪ ፈላስፋ በጉባኤው ዙሪያ ከተማሩት ጳጳሳት ጋራ ሲከራከር ማንም ሊረታው አልቻለም፤ ወደ አንዱ ሲይዙት ወደ ሌላው እንደ ዓሣ ያመልጥ ነበር። ከዚያም በስደት ስለ ክርስቶስ የተሠቃየ፥ ትምህርት ግን የሌለው አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የሃይማኖትን ቃል በቅንነት ነገረውና ታምናለህን? ብሎ ጠየቀው። ፈላስፋውም አምናለሁ አለ፤ ወደ ደቀ መዛሙርቱም ተመልሶ፥ ክርክር በነበረበት ጊዜ ቃልን በቃል መለስሁ፤ ከዚህ ሰው አፍ ግን ኃይል ወጣ፥ ኃይልን በቃል መመለስ አልተቻለኝም አላቸው። ይህ ታሪክ ምርምርን ለመንቀፍ ሲጠቀስ ይሰማል። አስተውሎ ላነበበው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ሽማግሌው ፈላስፋውን አትጠይቅ አላለውም፤ በሕይወቱ ያጸናውን እምነት በፊቱ አቆመለት እንጂ።

ምርምርና ቅድስና በአንድ ቤት እንደሚኖሩ ከሚያሳዩት ሁሉ የሚበልጠው የዕውሩ የዲዲሞስ ታሪክ ነው። ዲዲሞስ በ4 ዓመቱ ዓይኑ ታውሮ ሳለ፥ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ፥ የሚነበብለትንም እየሰማ መጻሕፍትን ሁሉ፥ ሂሳብንና የክርክርን ጥበብ ሳይቀር ተማረ። አትናቴዎስም የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ሾመው። የመነኮሳት አባት እንጦንስ ወደ ከተማይቱ በመጣ ጊዜ ጎበኘው፤ በዓይኑ መታወር እንዳያዝን፥ ዝንቦችና ትንኞች እንኳ ባላቸው ዓይን ማጣት ሳይከፋው፥ መላእክት እግዚአብሔርን በሚያዩበት ዓይን ስለ ተሰጠው ደስ እንዲለው ነገረው። እንጦንስ ራሱ የጽርዕ ትምህርት አልተማረም። ነገር ግን ሊያፍሩበት የመጡትን ፈላስፎች፥ ልቡና ይቀድማል ወይስ ፊደል? ብሎ ጠየቃቸው፤ ልቡና ይቀድማል፥ ፊደልን ያስገኘ እርሱ ነውና ባሉትም ጊዜ፥ እንግዲያስ ልቡናው ጤነኛ የሆነለት ሰው ፊደል ቢጐድለው ምን ይጐዳል? ብሎ መለሰላቸው። ያልተማረው መነኵሴ የተማሩትን የረታው በልቡና ጤንነት ነው፤ ልቡናን ግን ከቶ አልናቀም።

ለክርስቲያኖች ድንቁርናን የተመኘላቸው ማን እንደ ነበረ ታሪክ ይናገራል። ክርስትናን የካደው ንጉሥ ዮልያኖስ በአቴና ከባስልዮስና ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋራ በአንድ ዘመን የተማረ ሰው ነበር። በነገሠም ጊዜ በ362 ዓመተ ምሕረት ክርስቲያን የሆነ መምህር የጽርዕን ቅኔና ፍልስፍና እንዳያስተምር አዘዘ፤ በዚያውም ዓመት አትናቴዎስን ከእስክንድርያ አሳደደ። ዮልያኖስ ክርስቲያኖችን በሰይፍ ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል ስላወቀ፥ ልቡናቸውን ባዶ ለማድረግ አሰበ። ጎርጎርዮስም ትምህርት የሰው ሁሉ ገንዘብ እንጂ የጣዖት አምላኪዎች ርስት እንዳልሆነ ተከራክሮ ጻፈ። እንግዲህ ክርስቲያን ራሱን ከትምህርት በከለከለ ጊዜ፥ ሳያውቀው የዮልያኖስን ትእዛዝ ይፈጽማል።

ከዚህም በኋላ እስክንድርያ የተዋረደችበት ቀን መጣ፤ ታሪክን የሚጽፍ ሰው ሊሸፍነው አይገባም። በ415 ዓመተ ምሕረት በዐቢይ ጾም፥ የሂሳብ ሊቅ የቴዎን ልጅ የነበረችው፥ የአፍላጦንን ፍልስፍና የምታስተምር ሂፓትያ የተባለች ሴት በሕዝብ ሁከት ተገደለች። በዚያን ጊዜ በሊቀ ጳጳሳቱ በቄርሎስና በአገረ ገዢው በኦሬስጢስ መካከል ጠብ ነበር፤ ሁለቱ እንዳይታረቁ የምታደርግ እርሷ ናት የሚል ወሬ ስለ ተነዛ፥ ጴጥሮስ የሚባል አናጉንስጢስ የመራቸው ሰዎች ከሠረገላዋ አውርደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጐትተው ገደሏት።

ስለዚህ ነገር ሁለት ምስክሮች አሉ። በቍስጥንጥንያ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ፥ ነገሩ በሆነ በ25 ዓመት ገደማ ውስጥ ሲጽፍ፥ ስለ ዕውቀቷና ስለ ንጽሕናዋ ያመሰግናታል፤ ግድያውም በቄርሎስና በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ላይ ታላቅ ነቀፋ እንዳመጣ፥ መግደልና ሁከትም ከክርስቶስ ሕግ ፈጽሞ የራቀ መሆኑን ይናገራል። ቄርሎስ አዘዘ ብሎ ግን አልጻፈም። ሁለተኛው ምስክር ከ250 ዓመት በኋላ የጻፈው የኒቅዩስ ጳጳስ ዮሐንስ ነው፤ እርሱ አስማተኛ ነበረች ብሎ ይነቅፋታል፥ የገደሏትንም ያመሰግናል። የዚህ መጽሐፍ የጽርዕም ሆነ የዐረብኛ ቅጂ ጠፍቶ፥ በ1602 ዓመተ ምሕረት ወደ ግእዝ የተመለሰው ‹ዮሐንስ መደብር› የሚባለው ብቻ በኢትዮጵያ ተጠብቆ ስለ ተገኘ፥ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን በአደራ የያዙ ናቸው። አደራ ጠባቂ ደግሞ የተሰጠውን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መመዘንም ይገባዋል። ለዘመኑ ቅርብ የሆነውና የራሱን ወገን የማያደላው ምስክር ይበልጥ ይታመናል፤ ይህ የዳኝነት ሥርዓት ነው።

ሚዛኑንም የሚያጸና ሌላ ሰው አለ። ሲኔስዮስ የሚባል የሂፓትያ ደቀ መዝሙር በ410 ዓመተ ምሕረት ገደማ የጰጦሎማይስ ጳጳስ ሆኖ በቴዎፍሎስ እጅ ተሾመ፤ ጳጳስም ከሆነ በኋላ መምህርቱን እንደ እናትና እንደ እኅት አድርጎ ያከብራት ነበር። አንዲቱ ከተማ የፈላስፋይቱን ደቀ መዝሙር ጳጳስ አድርጋ ሾመች፤ ፈላስፋይቱን ግን በጎዳና ገደለች። በመጀመሪያው እምነት ልቡናን አከበረች፤ በሁለተኛው ግን ቍጣ የእምነትን ልብስ ለብሶ ወጣ። ልቡና ከእምነት ቤት በተባረረ ጊዜ ባዶውን ስፍራ የሚይዘው ትሕትና አይደለም፤ ወሬና ሁከት ነው።

ከእስክንድርያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቅርስ ከዚህ ሁሉ የተሻለው ነው። አትናቴዎስ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ሰደደው። ከዚያም በኋላ በአክሱም ዘመን የቄርሎስንና የሌሎችን አበው የሃይማኖት ክርክር የያዘው ቄርሎስ የተባለው መጽሐፍ፥ የአራዊትንና የዕፀዋትን ጠባይ ወደ መንፈሳዊ ምሥጢር የሚተረጕመው ፊሳልጎስም ከጽርዕ ወደ ግእዝ ተመለሱ። በ1424 ዓመተ ምሕረት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በጻፈው በመጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃንን እያንዳንዳቸውን በየትምህርታቸው እየጠራ መለሰላቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የጥንት ፈላስፎችን ምክር የያዘው አንጋረ ፈላስፋ ከዐረብኛ ተመለሰ፤ መላሹም መነኵሴ ነበር። ምርምርን የምትፈራ ቤተ ክርስቲያን ብትሆን ኖሮ የሶቅራጥስንና የአርስጣጣሊስን ስም በገዳም ብራና ላይ ባላስጻፈች ነበር።

በየጉባኤ ቤቱ የሚሰማው የአንድምታ ትርጓሜ ራሱ የምርምር ልጅ ነው። መምህሩ ንባቡን ዘርዝሮ ከተረጐመ በኋላ ‹‹አንድም›› ብሎ ሁለተኛ፥ ‹‹አንድም›› ብሎ ሦስተኛ መንገድ ያሳያል፤ ለምን እንዲህ አለ? ብሎ ይጠይቃል፥ ታሪክ አምጥቶ ይመልሳል፥ የማይስማማውን ይጥላል። የቅኔ ተማሪም በየማለዳው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲቈጥር፥ በሰሙ ውስጥ ወርቁን መፈለግ እንጂ አትፈልግ የሚል ትእዛዝ አይሰማም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ምርምር በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ይፈጸማል፤ የሥላሴ ባሕርይ ወደ ተነገረበት ስፍራ ሲደርስም መምህሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የቤተ ክርስቲያን ሕንጻም ይህንኑ ያስተምራል። በቅኔ ማኅሌት ሰው ቅኔውን ያቀርባል፥ ዜማውን ያሰማል፥ ሊቅ ከሊቅ ጋራ ይወዳደራል፤ ልቡና በሙሉ ኃይሉ የሚሠራበት ስፍራ ነው። በቅድስት ምእመኑ ቆርቦ የተቀበለውን ያስተውላል። በመቅደሱ ግን መጋረጃ አለ፤ በዚያ ምርምር ጫማውን አውልቆ ይቆማል። ልቡናን ከቅኔ ማኅሌቱ ያስወጣ ሰው ቤቱን ዲዳ ያደርገዋል፤ መጋረጃውን ቀዶ እንዲገባ የፈቀደለትም ሰው እንደ አርዮስ ቤቱን ያፈርሰዋል። የአባቶች ጥበብ በሁለቱ መካከል ያለውን ደጅ ማወቅ ነበር።

ዛሬ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ስለ ምድር ዕድሜ፥ ስለ ፍጥረት አፈጣጠር፥ ስለ መጻሕፍት ታሪክ ሰምቶ ወደ ንስሓ አባቱ ሲመጣ፥ ‹‹ዝም ብለህ እመን፤ ይህን መጠየቅ ኃጢአት ነው›› የሚለው ካህን፥ ሳያውቀው ለኬልሶስ ክስ ምስክር ሆኖ ይቆምለታል። ወጣቱም ዝም ይላል፤ ግን አላመነም፤ ብዙ ሳይቆይም ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ይተዋል። ‹‹ይህን አላውቅም፤ ከሚያውቅ ጠይቄ እነግርሃለሁ›› የሚል ካህን ግን ክብሩ አይቀነስም፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋቸው ምክንያት ለሚጠይቋቸው ሁሉ መልስ ለመስጠት እንዲዘጋጁ ምእመናንን ያዘዘው ለዚህ ነውና።

የተማረውም የከተማ ሰው በበኩሉ ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። የሚንቀው አባቶች ያስተማሩትን እምነት ነውን? ወይስ በሕፃንነቱ ከጎረቤት የሰማውን ተረት? ቄርሎስን ሳይገልጥ፥ ሃይማኖተ አበውን ሳያነብ ቤተ ክርስቲያን ምርምር አታውቅም የሚል ሰው ራሱ ሳይመረምር የፈረደ ነው። ደግሞም እግዚአብሔርን እንደ ድንጋይ በሚዛን ካልመዘንሁ አላምንም የሚል ሰው፥ መርከብ ሲሳፈር፥ ዘር ሲዘራና ወዳጅ ሲያምን መርምሮ ጨርሶ እንዳልሆነ ያስታውስ።

የእስክንድርያ ሊቃውንት ከነጥረታቸውና ከነስሕተታቸው ያለፉበት መንገድ ለመጪው ትውልድ ተዘርግቶ ይኖራል። ልቡናን የሰጠ፥ ከልቡናም በላይ የሆነ አምላክ፥ ለካህናቱ የሚጠየቁትን የመመለስ ትዕግሥት፥ ለሚጠይቁትም የሚሰሙትን የመቀበል ትሕትና ያድላቸው። አሜን።